እጅና እግርን በአንድ ምት ማስኬድ፦ በገዛ ሰውነታችሁ የምትፈትሹበትና የምታለማምዱበት መመሪያ

ስትራመዱ ቀኝ እግራችሁ ሲቀድም ግራ እጃችሁ አብሮት ይቀድማል። ማንም አላስተማራችሁም። አስባችሁም አታደርጉትም። ስትሮጡም፣ ደረጃ ስትወጡም፣ ስትዋኙም ነገሩ ያው ነው። ሁለት እጅና ሁለት እግር ሳይጋጩና ሳይቀዳደሙ አንድ ምት ይጠብቃሉ።

ይሄን ሥራ ማን እንደሚሠራው ማወቅ ለሯጭ፣ ለዋናተኛ፣ ለከበሮ መቺ፣ ከሕመም በኋላ እንደገና መራመድ ለሚለማመድ ሰው ሁሉ ይጠቅማል። ብዙ ሰው እንቅስቃሴው ሲበላሽበት እያንዳንዱን እጅና እግር በሐሳቡ ማዘዝ ይጀምራል። እኔ አጥብቄ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ምቱን የሚያስተባብረው ክፍል ከሐሳብ በታች ነው ያለው። የእናንተ ድርሻ ማስጀመር፣ ፍጥነቱን መወሰንና አቅጣጫ መስጠት ነው። የቀረውን ልቀቁት። ከታች ያሉት ሙከራዎች ይሄን በራሳችሁ ላይ ያሳዩአችኋል። ልምምዱ ከዚያ ይከተላል።

የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነው። የማይነቃነቅ ወንበር፣ አሥር ሜትር ያህል የሚሆን ደልዳላ ቦታ፣ ስልክ ላይ የሚጫን ሜትሮኖም (እኩል ምት እየመታ የሚሄድ መተግበሪያ)፣ ወረቀትና እስክሪብቶ። ሚዛን መጠበቅ የሚቸግረው ወይም በቅርቡ የወደቀ ሰው በቁም የሚሠሩትን ሙከራዎች ብቻውን አይሞክር።

ምቱ የሚወጣው ከየት ነው?

ይሄን ክፍል አትዝለሉት። ሙከራዎቹ ትርጉም የሚኖራቸው ይሄ ሲገባችሁ ነው።

በ1911 ስኮትላንዳዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ቶማስ ግራሃም ብራውን አንድ የሚያስገርም ነገር አሳየ። የድመት ኅብለ ሰረሰር ከአንጎል ተለይቶ፣ ከእግር ወደ ላይ ስሜት የሚያደርሱት ነርቮችም ተቆርጠው፣ እግር የሚያጥፈውና እግር የሚዘረጋው ጡንቻ በየተራ መሥራት ቻሉ። ከላይ ትእዛዝ የለም፤ ከታች መረጃ የለም። ምቱ ግን አለ። ስለዚህ ምቱን የሚያመነጩት የነርቭ ሕዋሳት እዚያው ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ናቸው ማለት ነው።

ኅብለ ሰረሰር ወፈር የሚልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉት። አንዱ አንገት አካባቢ ነው፤ የእጅ ነርቮች የሚወጡት ከዚያ ነው። ሌላው ወደ ታችኛው ጫፉ ነው፤ እሱ የእግር ነው። ሁለቱን ረጃጅም የነርቭ ክሮች ያገናኟቸዋል። መልእክቱ ወደ ታችም ወደ ላይም ይሄዳል፤ ከግራ ወደ ቀኝም ይሻገራል። እጅና እግር የሚነጋገሩት በዋናነት በዚህ መንገድ ነው።

አንጎልስ? በ1966 ሺክ፣ ሰቨሪንና ኦርሎቭስኪ የተባሉ የሶቪየት ተመራማሪዎች የድመትን መካከለኛ አንጎል አንድ ትንሽ ቦታ በኤሌክትሪክ ቀሰቀሱ። ድመቷ መራመድ ጀመረች። ኤሌክትሪኩን ሲጨምሩ ወደ ሶምሶማ፣ ከዚያም ወደ ግልቢያ ተሸጋገረች። የጨመሩት ኃይሉን ብቻ ነው። የትኛው እግር መቼ ይነሣ የሚለውን የወሰነው የታችኛው ክፍል ነው። ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ «ሂድ» እና «ፍጠን» ከሚል ብዙም አይርቅም።

ሰው ድመት አይደለም። የእኛ አንጎል በእርምጃ ውስጥ ያለው ድርሻ በጣም ይበልጣል። ሁለት እግር ላይ ሚዛን መጠበቅ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ንዑስ አንጎልም የታሰበውን ከሆነው ጋር እያስተያየ ስሕተቱን ያርማል። ያም ሆኖ መሠረቱ አልጠፋም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ብብቱን ተይዞ እግሩ መሬት ሲነካ እየተፈራረቀ ይረግጣል፤ መራመድ ሊችል ገና ወራት እየቀሩት።

ደረጃ 1፦ ክንዳችሁን እዩት፣ ከዚያ እዘዙት

በለመዳችሁት ፍጥነት ተራመዱ። እጃችሁ ውስጥ ምንም አይኑር፤ ስልክም ቢሆን። ከ100 ጀምራችሁ ሰባት ሰባት እየቀነሳችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ 93፣ 86፣ 79 እያላችሁ። አእምሯችሁ በሂሳብ ተይዞ ሳለ ክንዳችሁ ምን እንደሚያደርግ አንድ ሰው ይመልከትላችሁ፣ ወይም በቪዲዮ ይቅረጽላችሁ። ፍጥነታችሁ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ክንዱ ግን መወዛወዙን አይተውም።

አሁን መቁጠሩን ተዉና እያንዳንዱን የክንድ ውዝዋዜ በሐሳብ ምሩት። «ግራ እጅ ወደ ፊት፣ ቀኝ እጅ ወደ ኋላ» እያላችሁ። ብዙ ሰው ላይ ትከሻው ይጠነክራል፤ እርምጃው የወታደር ሰልፍ ይመስላል። አንዳንዱ ጭራሽ ይምታታበታል። ያው አካል ነው፤ የተለየው የሚመራው ክፍል ነው።

ክንድ ዝም ብሎ የተንጠለጠለ ነገር እንዳይመስላችሁ። የትከሻ ጡንቻዎች በእያንዳንዱ ውዝዋዜ ላይ ይሠራሉ። ክንድ ታስሮ እንዳይንቀሳቀስ ቢደረግ እንኳ ጡንቻዎቹ የእግሩን ምት ተከትለው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ።

ደረጃ 2፦ ፍጥነቱን ቀንሱና ለውጡን ያዙት

መሬት ላይ 8 ሜትር ለኩና በሁለቱም ጫፍ ምልክት አድርጉ። ስምንቱን ሜትር በ10 ሰከንድ ብትጨርሱ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 0.8 ሜትር ነው። መጀመሪያ እንደ ወትሮው ሂዱ፤ ብዙ ጤነኛ ጎልማሳ በ6 ወይም በ7 ሰከንድ ያልፈዋል። ቀጥሎ በ10 ሰከንድ፣ ከዚያ በ15 ሰከንድ ለመጨረስ ሞክሩ።

ዓይናችሁን ክንዳችሁ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት አድርጉ። ቪዲዮው ይቀርጽላችሁ። በተለመደው ፍጥነት አንድ እጅ በሁለት እርምጃ አንዴ ወደ ፊት ይመጣል። በጣም ዝግ ስትሉ ግን ብዙ ሰው ላይ ነገሩ ይቀየራል። እጁ በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ፊት መምጣት ይጀምራል። ሁለቱ እጆችም መፈራረቃቸውን ትተው አብረው ወደ ፊት፣ አብረው ወደ ኋላ ይላሉ። ለውጡ የሚታየው በሰከንድ 0.8 ሜትር ገደማና ከዚያ በታች ነው። ሁሉም ሰው ላይ እኩል ጎልቶ አይወጣም።

ምክንያቱ ደስ ይላል። የተንጠለጠለ ክንድ የራሱ የሆነ የመወዛወዝ ፍጥነት አለው። በተለመደው እርምጃ የእግሩ ምትና የክንዱ ምት ይቀራረባሉ፤ አንድ ለአንድ መሄድ ይቀላል። እግሩ በጣም ሲዘገይ ክንዱ በዚያ ፍጥነት መጎተቱን ትቶ እጥፍ ይሄዳል። ግን ከምቱ ጨርሶ አይወጣም። ከአንድ ለአንድ ወደ ሁለት ለአንድ ይዘላል፤ መካከል ላይ አይቆይም። አብረው የሚያጨበጭቡ ሰዎችን አስቡ። መሪ ሳይኖራቸው አንዱ የሌላውን እየሰማ አንድ ምት ላይ ይገናኛሉ። የነርቭ ሥርዓት ውስጥ ያሉት ምት አመንጪዎችም እንደዚያው ይሳሳባሉ፤ ቀላል ቁጥር ላይ መርጋት ይወዳሉ።

ሲድህ ሕፃንም ይሁን ሲዋኝ ጎልማሳ፣ የእጅና የእግር ድግግሞሽ እንዲህ ባለ ቀላል ሙሉ ቁጥር ይያያዛል። ፍሪስታይል ዋና የለመደ ሰው ያውቀዋል። ሁለቱ እጆች አንድ ዙር ሲጨርሱ እግር ሁለት፣ አራት ወይም ስድስት ጊዜ ይመታል።

ደረጃ 3፦ ሆን ብላችሁ አበላሹት

ሜዳው ላይ ተመልሳችሁ በተቃራኒው ሂዱ። ቀኝ እግር ከቀኝ እጅ፣ ግራ እግር ከግራ እጅ ጋር። ያስቸግራል፤ ትንሽ ስትዘናጉም ወደ ድሮው ይመለሳል። ወገባችሁ ላይ የሚሰማችሁን ልብ በሉ። እግር ወደ ፊት ሲወረወር ሰውነትን ወደ አንድ ጎን ያዞራል። የተቃራኒው ክንድ ውዝዋዜ ያንን ዙረት ያጣፋዋል። አሁን ግን ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ስለሚያዞሩ ሥራው ሁሉ በወገብና በእግር ላይ ወደቀ።

ይሄ በጉልበት ተለክቷል። በ2009 በታተመ ጥናት ኮሊንስና ባልደረቦቹ ክንዳቸውን ሳያወዛውዙ የሚሄዱ ሰዎች 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል እንደሚያወጡ አገኙ። ከዚያው ወገን እግር ጋር ሲያወዛውዙት ጭማሪው 26 በመቶ ደረሰ። ረጅም መንገድ ስትሄዱ እጅን ኪስ ውስጥ መክተት ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ የአንድ ወገን እጅና እግር

ከሁሉም ይሄኛውን እወደዋለሁ። ቀስ ብላችሁ ሥሩት።

ወንበር ላይ ቁጭ በሉ። የቀኝ ክንዳችሁን ጭናችሁ ላይ አስተኙት፤ አንጓው ከጉልበታችሁ አልፎ እጁ ወደ ፊት ይንጠልጠል። መዳፉ ወደ መሬት ይይ። የቀኝ ተረከዛችሁ መሬት እንደነካ ይቆይ። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ላይ አድርጉት።

በመጀመሪያ እጅና እግር አብረው ይነሡ፣ አብረው ይውረዱ። ቀላል ነው። ሜትሮኖሙን ወደ 80፣ 100፣ 120 አሳድጉት። አሁንም ቀላል ነው።

ወደ 60 ተመለሱ። አሁን እጁ ሲነሣ እግሩ ይውረድ፤ እጁ ሲወርድ እግሩ ይነሣ። በዝግታ ይሆናል፤ ግን ዘና ማለት የለም። ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ጨምሩ። የሆነ ቦታ ላይ እግሩ ይንተባተባል፤ ቀጥሎ ሁለቱም አብረው መውጣትና መውረድ ይጀምራሉ። እናንተ አላዘዛችሁም። ምቱ የተበላሸበትን ቁጥር ጻፉት፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

አሁን መዳፋችሁን ወደ ሰማይ ገልብጡት። እዚህ ላይ ቆም በሉ። መዳፉ ሲገለበጥ እጁን ወደ ላይ የሚያነሣው ጡንቻ ተቀይሯል። ቅድም ሲያወርደው የነበረው አሁን የሚያነሣው ሆኗል። ጉዳዩ የጡንቻና የጡንቻ ትስስር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላሉና ከባዱ ቦታ በተለዋወጡ ነበር። ሞክሩት። አልተለዋወጡም። አሁንም አብሮ መውጣትና አብሮ መውረድ ይቀላል፤ መቃረኑ ይከብዳል። የነርቭ ሥርዓታችሁ የሚያያይዘው የእንቅስቃሴውን አቅጣጫ ነው፤ የትኛው ጡንቻ እንደሠራው ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ይሄን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያሳየው ባልዲሴራ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ነው።

በመጨረሻ ቀኝ እግራችሁን ከግራ እጃችሁ ጋር ሞክሩ። መቃረኑ በጣም እንደሚቀል ታያላችሁ። የአንድ ወገን እጅና እግር አጥብቀው ይሳሳባሉ፤ ሰያፍ ያሉት ለቀቅ ያሉ ናቸው።

በሁለቱ አመልካች ጣቶችም ተመሳሳይ ነገር ታያላችሁ። ጣቶቹን ወደ ፊት ቀስራችሁ ሁለቱንም ወደ ቀኝ፣ ሁለቱንም ወደ ግራ እያላችሁ አወዛውዟቸውና አፍጥኑ። ሳታስቡት አንዱ ለአንዱ መስታወት ይሆናሉ፤ አብረው ወደ ውስጥ፣ አብረው ወደ ውጭ። ተመራማሪው ስኮት ኬልሶ ይሄን ቀላል ሙከራ ይዞ ነው በ1980ዎቹ ስለ ምትና ስለ መሳሳብ ትልቅ የምርምር መስክ የከፈተው።

ደረጃ 5፦ እጅ ለእግር የሚልከው መልእክት

አብሯችሁ ሰው ካለ ይሄን ጨምሩ። እግራችሁ መሬት ሳይነካ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ሰውየው ከጉልበታችሁ ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በመዳፉ ጠርዝ ቀለል አድርጎ ይምታው። እግራችሁ ትንሽ ይወረወራል። አሁን የሁለቱን እጆቻችሁን ጣቶች እርስ በርስ ቆልፋችሁ ወደ ጎንና ጎን በኃይል ጎትቱ፤ ሳትለቁም ሰውየው እንደገና ይምታው። አብዛኛውን ጊዜ እግሩ አሁን በኃይል ይወረወራል። ሐኪሞች ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ የያንድራሲክ ዘዴ ይሉታል።

እጅ ዝም ብሎ ሲጨመቅ የእግር ሪፍሌክስ፣ ማለትም ሳይታሰብ የሚመጣው የጡንቻ ምላሽ፣ ይጎላል። የእጅ ፔዳል ሲዞር ግን የተለየ ነገር ይሆናል። ክንድ በምት ሲንቀሳቀስ እግር ባይነቃነቅም የባት ጡንቻ ሪፍሌክስ ይቀንሳል። በካናዳ ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የፖል ዜር ቤተ ሙከራ ይሄን ደጋግሞ አሳይቷል። መልእክቱ በተቃራኒውም ይሄዳል። በ2001 ዙሪክ ውስጥ ፎልከር ዲትስና ባልደረቦቹ የእግር ነርቭን በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሱ የክንድ ጡንቻዎች መልስ ሰጡ፤ ግን ሰውየው ሲራመድ ብቻ። ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ ወይም ተቀምጦ ሲጽፍ መልሱ አልመጣም። እጅ እስክሪብቶ ሲይዝ ከእግር ነፃ ይሆናል፤ ሰው ሲራመድ እንደገና ይያያዛል ማለት ነው። በአራት እግር የሚሄዱ እንስሳት ያላቸው ትስስር እኛም ውስጥ አለ፤ ጊዜውን ጠብቆ ይከፈታል።

ወደ ልምምዱ

*ስትራመዱና ስትሮጡ።* እግራችሁ ሲደክምና እርምጃው ሲዘገይ እግሩን አትጨቅጭቁት። ክርናችሁን አጠፍ አድርጉና ክንዳችሁን ፈጠን አድርጋችሁ አወዛውዙ። የታጠፈ ክንድ አጭር ስለሆነ ለመፍጠን ይቀለዋል። እግሩ ይከተላል። ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ ግን ምቱ ይታነቃል፤ አውርዱት። ሜትሮኖም ከተጠቀማችሁ መጀመሪያ በራሳችሁ ፍጥነት ሂዱና በደቂቃ ስንት እርምጃ እንደምትራመዱ ቁጠሩ። ከዚያ ላይ አምስት በመቶ ያህል ጨምሩ። አንዴ ብዙ መጨመር የተለመደውን ምት ያፈርሰዋል።

*በቦታ ላይ።* ቁሙና ጉልበታችሁን እያፈራረቃችሁ አንሡ። በተነሣው ጉልበት ተቃራኒ ያለው እጅ ይንካው። ሰላሳ ያህል ከሠራችሁ በኋላ ከዚያው ወገን ባለው እጅ ቀይሩ። ከባዱ የመቀያየሪያዋ ቅጽበት ናት። ሳትቆሙ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር እስክትችሉ ዝግ በሉ።

*ሁለት የተለያዩ ምቶች።* ከበሮ መቺዎች የሚያውቁት ሦስት ለሁለት የሚባለው ምት አለ። እጅ ሦስት ጊዜ ሲመታ እግር በዚያው ጊዜ ውስጥ ሁለቴ ይመታል። ሁለቱን ለየብቻ ይዞ ለመሄድ መሞከር አያዋጣም፤ ይሳሳባሉና። አንድ ምት አድርጋችሁ ያዙት። ከአንድ እስከ ስድስት እኩል እየቆጠራችሁ እጅ በ1፣ በ3 እና በ5 ይምታ። እግር በ1 እና በ4 ይምታ። የሚሰማው «ሁለቱም፣ እጅ፣ እግር፣ እጅ» ነው። ይሄን እንደ አንድ ዜማ በአፋችሁ እያላችሁ ጀምሩ። አፋችሁ ሲለምደው እጅና እግር ይገቡበታል። መቁጠሩን ማቆም የምትችሉት ያን ጊዜ ነው።

*የአንድ ወገኑ መቃረን።* በደረጃ 4 የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡ። ከሱ ሃያ ያህል ቀንሳችሁ ጀምሩ። ትኩረታችሁን ሁለቱ ላይ አትበትኑት፤ እግሩን ብቻ ከሜትሮኖሙ ጋር አስማሙ። እጁ ይከተል። ሲበላሽ ወዲያው ቁሙ። በተበላሸ ምት መቀጠል የተበላሸውን ማለማመድ ነው። ለአንድ ደቂቃ ሳይበላሽ ከሄደ አራት አራት ጨምሩ። በአንድ ቀን ረጅም ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይሻላል፤ እንቅልፍ ለእንዲህ ያለ ትምህርት ያግዛል።

*ከስትሮክ በኋላ።* እጅና እግር አብረው የሚያዞሩት ፔዳል ያለው የልምምድ ማሽን አለ። የዜር ቤተ ሙከራ ከስትሮክ ብዙ ጊዜ ያለፋቸውን ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ፣ ለ5 ሳምንት አሠራቸው። ሪፍሌክሳቸውም አረማመዳቸውም ተሻሽሎ ተገኘ። ጤነኛው እጅ ለተጎዳው እግር ምት ያቀብለዋል የሚለው ሐሳብ እውነተኛ መሠረት አለው። ይሄን ግን የልብና የደም ግፊት ሁኔታ ታይቶ፣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ነው የሚጀመረው።

ቪዲዮው ላይ ይሄን ካያችሁ

ሁለቱ ክንዶች ትንሽ ቢለያዩ አያስጨንቅም፤ ብዙ ጤነኛ ሰው አንዱን ክንድ ከሌላው አስበልጦ ያወዛውዛል። ከዚህ በፊት ይወዛወዝ የነበረ አንድ ክንድ ቀስ በቀስ መወዛወዝ ከተወ ግን ለሐኪም አሳዩት፤ በተለይ መንቀጥቀጥ፣ መገተር ወይም የእጅ ጽሑፍ ማነስ አብሮት ካለ። የፓርኪንሰን ሕመም ከሚታይባቸው ቀደምት ምልክቶች አንዱ የአንድ ወገን ክንድ ውዝዋዜ መቀነስ ነው። የትከሻ ሕመምም እንደዚያ ሊያደርግ ስለሚችል ራሳችሁ አትፍረዱ። ክንድ ወይም እግር በድንገት ከዛለ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተያዘ ጉዳዩ የልምምድ አይደለም፤ በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ነው።

ቪዲዮዎቹን አታጥፏቸው። በየወሩ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጫማ፣ በዚያው 8 ሜትር ላይ ቅረጹ። የደረጃ 4ን ቁጥርም በዚያው ወንበርና በዚያው እጅ ለኩ፤ በደከማችሁበት ሰዓት የተለካው ከሌላው ጋር አይወዳደርም።